እትዬ ብርቄና የሚጮኸው ፍሬን

እትዬ ብርቄ ማረፋቸውን የሰማሁት አጅባር ገበያ ላይ ስንዴ እያስጫንኩ ነው። የደወለችልኝ ልጃቸው ሰላም ናት። «እማዬ አረፈች» አለችኝ። «መቼ?» አልኳት። «ዛሬ ጧት» አለች።  ስልኩን ኪሴ ከትቼ የጆንያዎቹን ገመድ ማጥበቅ ቀጠልኩ። ከጫኞቹ አንዱ የኋላው ቋጠሮ ላልቷል አለኝ፤ ፈትቼ እንደገና አሰርኩት። ማልቀስ እንደሚገባኝ አውቃለሁ። ግን አልመጣም። እስካሁንም አልመጣም።

እትዬ ብርቄ መካነ ሰላም ውስጥ የአንደኛ ደረጃ የአማርኛ መምህርት ነበሩ። ቤታችን በአጥር ይገናኛል። እኔ በአሮጌ ፒካፕ ከወግዲ አጅባር፣ ካስፈለገም ደሴ ድረስ እህልና ሰው የማመላልስ ሾፌር ነኝ። እሳቸው ረጅም፣ ቀጭን፣ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የባላቸውን ካፖርት ከላያቸው የማያወርዱ ሴት ነበሩ። እጅጌው ስለሚረዝምባቸው ሁለት ጊዜ ያጥፉታል። እጥፋቱ ውስጥ ሁልጊዜ የጠመኔ ብናኝ አይጠፋም።

እያስተማሩ መኪና በመንገዱ ካለፈ ንግግራቸውን ያቋርጣሉ። አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ተማሪዎቹ ለምደውታል። «እትዬ፣ ምን አገኙበት?» ይሏቸዋል። «የኋላ ግራ» ብለው ወደ ትምህርታቸው ይመለሳሉ። ልጆቹ ይስቃሉ፤ እሳቸው አይስቁም፣ አይቆጡምም። ደወል ሲደወል ግን መንገድ ዳር ወጥተው ያንን መኪና ሲመለስ ይጠብቁታል። ጠመኔ በያዘ እጃቸው ያስቆሙታል።

አንድ ቀን አንድ የሌላ አገር ሾፌር ተቆጣቸው። እኔም ከኋላው ቆሜ ነበር።

«አንቱ፣ ትራፊክ ነዎት እንዴ?»

«አይደለሁም ልጄ። ፍሬንህ ይጮሃል፤ ትሰማዋለህ?»

«እሰማዋለሁ። ለምጄዋለሁ።»

«እኔም የምፈራው እሱኑ ነው» አሉትና ከመንገዱ ገለል አሉለት።

ባላቸው ጋሽ ካሳው የአንድ ነጋዴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። መንዳት ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ከሥራ ሲመለሱ ከቤተ ክርስቲያኑ መታጠፊያ ላይ ፍሬን ሲይዙ መኪናው ያፏጫል። ቀጭን፣ ረዘም ያለ ፉጨት ነው። እትዬ ብርቄ ያንን ሲሰሙ «ካሳው ገባ» ብለው የእግር ውሃ ይጥዳሉ። ሰፈሩም በዚያው ያውቅ ነበር። አንድ ጊዜ እትዬ ብርቄ ራሳቸው ነገሩኝ፤ «ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬም በሰላም ገባ የሚል ይመስለኝ ነበር» አሉ። ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም።

ከዚያ ፉጨቱ ተለወጠ። ቀጭኑ ድምፅ ቀረና ብረት በብረት ሲፋቅ የሚሰማው ድምፅ መጣ። እትዬ ብርቄ ባላቸውን ጠየቋቸው። «ይጮሃል እንጂ ይይዛል» አሏቸው። ብዙም ሳይቆይ ወደ ወግዲ በሚያስወርደው ቁልቁለት መኪናው እምቢ ብሎ ገደል ገባ።

መርዶው የመጣ ዕለት እትዬ ብርቄ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉ ነበር። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ስማቸውን ጠራ። ከፊቱ ላይ ሁሉንም እንዳነበቡት ነግረውኛል። የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ጨረሱ፣ አራት ነጥቡን አኖሩ፣ ጠመኔውን ቦታው መለሱና ወጡ። ለቅሶው ላይም አላለቀሱም። ሴቶቹ «ደረትሽን ምቺ እንጂ፣ ኧረ በማርያም!» እያሉ ሲለምኗቸው እሳቸው የመጣውን ሰው ማስቀመጫ ቦታ ይፈልጉ ነበር። ሰው «ልቧ ደነደነ» አለ። ቀርቤ ለማውቃቸው ለኔ ግን እንደዚያ አልነበረም። ክረምት ላይ እጅህ በብርድ ሲደነዝዝ እሳት ብታስነካው እንኳ ቶሎ አይሰማህም፤ እሳቸውም እንደዚያው ሆነው ነበር።

በዚያ ክረምት ለመምህራን ሥልጠና ደሴ ሄዱ። ከክፍል ሲወጡ አንድ ጋራዥ ሄደው አግዳሚ ላይ ቁጭ ይላሉ። መጀመሪያ መካኒኮቹ «ማንን ፈልገው ነው?» እያሉ ሊያስነሷቸው ሞከሩ። በኋላ መፍቻ እንዲያቀብሉ ፈቀዱላቸው። በኋላ ደግሞ ራሳቸው እንዲፈቱ። ሲመለሱ ክሪክ፣ የጎማ መፍቻና ካቻቢቴ ይዘው መጡ። መኪና የላቸውም፤ ሊገዙም አላሰቡም።

የመጀመሪያ መኪናቸው የኔዋ ፒካፕ ሆነች። አንድ ጧት ሳስነሣት ስትጮህ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ።

«መቼ መቼ ነው የምትጮኸው?»

«አሁን ነዋ እትዬ፣ ይስሙት።»

«አሁን መጮኋን ሰማሁ። መቼ መቼ ነው ያልኩህ። ጧት ብቻ ነው? ፍሬን ስትይዝ ነው ስትለቅ? ቀጥ ስትል ነው ስትታጠፍ?»

አላውቅም ነበር። «እንግዲያው ስማትና ማታ ንገረኝ» ብለው ትምህርት ቤት ሄዱ። ቀኑን ሙሉ ሰማኋት። ጧት ጮኻ ፀሐይ ሲሞቅ ዝም ትላለች። ማታ ነገርኳቸው። «አብሽር፣ እሱ ጤዛ ነው» አሉኝ። «ሌሊት ዲስኩ ላይ እርጥበት ያድርና ስስ ዝገት ይይዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ስትይዝ ተፍቆ ይለቃል። ለዚህ ጎማ አይፈታም።»

ሌላ ጊዜ ፍሬን ሳልይዝም የሚቀጥል ድምፅ መጣ። ያን ዕለት ከዲስኩ ጀርባ ካለው ቆርቆሮ መሀል ጠጠር አወጡልኝ። በሦስተኛው ግን ፍሬን በያዝኩ ቁጥር የምትሰማ፣ ስለቃት የምትጠፋ ቀጭን ፉጨት ነበረች። እትዬ ብርቄ አዳምጠው ትንሽ ቆሙ። ፊታቸው ላይ ምንም አላየሁም። «ግቢ አስገባት» አሉኝ።

ሜዳው ላይ አቆምናት። ከኋላ ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስገቡ። የጎማውን ብሎኖች መኪናው መሬት ላይ እንዳለ አላሏቸው፤ ከዚያ በክሪክ አነሡና ከሥሩ ወፍራም ግንድ አጋደሙ። «ክሪክ አይታመንም» አሉኝ። ጎማው ወጣ። ዲስኩን እንደ መቆንጠጫ ከሁለት ወገን የያዘውን ብረት የታችኛውን ብሎን ፈትተው ወደ ላይ ገለበጡትና ሁለቱን የፍሬን ሸራዎች አወጡ። ብናኙን እፍ ልል ስል አፌን በመዳፋቸው ከደኑት። «ይህ ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም» ብለው በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት።

ሸራውን መዳፋቸው ላይ አድርገው አሳዩኝ። «ይኸው፣ ገና ውፍረት አለው። ፊቱ ግን እንደ መስታወት አብለጭልጯል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ረግጠህ ስለምትቆይ ተቃጥሏል። ማርሽህን ቀንስና ሞተሩ ይያዝልህ።» በብርጭቆ ወረቀት ፊቱን አሻከሩት። ከጀርባው፣ ብረት ከብረት በሚነካካበት በኩል፣ በጣት ጫፍ ግራሶ ቀቡት። «ከጀርባው ብቻ። ፊቱን ከነካው ጩኸቱ ይጠፋል፣ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል።» መልሰው ገጠሙት። ከመንቀሳቀሴ በፊት ፔዳሉን ደጋግሜ እንድረግጥ አደረጉኝ፤ እስኪጠነክር። ሜዳው ላይ ዞርኩ። ዝም አለች።

«ዝም ስትል ደስ ይላል» አልኳቸው።

«ደስ አይበልህ። ሸራው አልቋል እስኪባል ድረስ አትጠብቅ፤ አዲስ ሸራ ገዝተህ እኔ ዘንድ አስቀምጥ» አሉኝ። ገዝቼ አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ የሰፈሩ ባጃጅ ሁሉ፣ የሚያልፈውም መኪና፣ ጩኸቱን ይዞ እሳቸው ግቢ ይመጣ ጀመር። ማንንም ሲገሥጹ አልሰማሁም።

አሁን የምነግራችሁ፣ ሰው ሁሉ የሚያወራውን የዚያን ዕለቱን ነገር ነው።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ከወግዲ ጭነት አራግፌ ስመለስ ከከተማው ሳልደርስ ፍሬን ስይዝ የፊት ጎማዬ ብረት በብረት መፋቅ ጀመረ። ለእትዬ ብርቄ አሳያታለሁ ብዬ ስገባ ሆስፒታሉ በር ላይ አንድ ሰው መንገዱ መሀል ቆሞ እጁን አወናጨፈብኝ። ታረቀኝ ይባላል፤ ከገጠር የመጣ ገበሬ ነው። ሚስቱ የሺ ምጥ ይዟታል። ሐኪሞቹ ወደ ደሴ ትሂድ ብለዋል፤ አምቡላንሱ ሌላ ታማሚ ይዞ ወጥቷል። «ወንድሜ፣ በእመቤቴ ይዤሃለሁ» አለኝ። ምን ልበለው? የሺን አነሥተን ከኋላ፣ ፍራሽ ላይ አጋደምናት። አንዲት ነርስ አብራት ወጣች።

መኪናዋን ሳዞር ፍሬን ያዝኩ። ያ ድምፅ ወጣ። ከማዶ፣ ከትምህርት ቤቱ በር፣ እትዬ ብርቄ ሲመጡ አየኋቸው። አይሮጡም፤ ግን ሰው ይሸሽላቸዋል። ፊት ለፊቴ መጥተው ቆሙና እጃቸውን ሞተሩ ክዳን ላይ አደረጉ።

«የት ነው?»

«ደሴ» አልኳቸው።

«በዚህ አትወርድም።»

ታረቀኝ ዘሎ ወረደ። «ሚስቴ እየሞተች ነው! ልቀቁን!»

«ጎማው ይፈታ። ሸራው ቤት አለ። ቶሎ ይሆናል።»

«ቶሎ ስንት ነው? ልጄ እኮ ነው!»

እትዬ ብርቄ ወደ ትምህርት ቤቱ በር ዞሩ። ለአንዲት ተማሪያቸው «መሣሪያዬን ከነሸራው አምጪ» አሉና ካፖርታቸውን አውልቀው መሬት ላይ አነጠፉ። ሌላ መኪና እንዲፈለግ ሰው ላኩ፤ አልተገኘም። ቁልፉ እኔ እጅ ነበር። እሳቸውን ገፍቶ መሄድ ይቻል ነበር። ድምፁን ግን እኔም ሰምቻለሁ፤ የደሴን መንገድ ቁልቁለትም አውቀዋለሁ።

ሥራው ሲጀመር ታረቀኝ ከላያቸው ቆሞ ይጮህ ነበር። ጎማው ሲወጣ «ያዝልኝ» ብለው ሰጡት። ይዞ ቆመ። የሺ ከላይ ስታቃስት ይሰማል። እሳቸው ቀና አላሉም። ብሎኑን ፈቱ፣ አሮጌውን አወጡ፣ አዲሱን ገጠሙ፣ ወደ ሌላው ጎማ ዞሩ። እጃቸው አልተጣደፈም። በሚቸኩሉ ሰዎች መሀል የማይቸኩል እጅ ማየት ያስጨንቃል። ሰው ተሰበሰበ። «ይህቺ ሴት አበደች» ሲባል ሰማሁ። ሲጨርሱ ፔዳሉን አስረገጡኝና «ሂድ። በማርሽ ውረድ» አሉኝ።

ወረድን። ፍሬኑ ያዘ። የሺ ደሴ ደረሰች፤ እሷ ዳነች። ልጁ ሞቶ ተወለደ። ወንድ ነበር።

ታረቀኝ ሐኪሙን፣ «ቀድመን ብንደርስ ይድን ነበር?» ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ «ምናልባት። እርግጠኛ ሆኜ ልነግርህ አልችልም» አለው። ታረቀኝ ከዚህ ሁሉ የያዘው «ምናልባት» የምትለዋን ብቻ ነው።

የሺን ይዞ እንደ ተመለሰ እትዬ ብርቄ ደጅ መጣ። እኔ አጥሩ አጠገብ ነበርኩ። እሳቸው ልብስ ያሰጡ ነበር። በአንቺ ነው የጠራቸው፤ ከዚያ በፊት አንድም ሰው በአንቺ ሲጠራቸው ሰምቼ አላውቅም።

«ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ?»

እጃቸው ላይ የነበረውን ልብስ ገመዱ ላይ ዘረጉት። ከዚያ ዞረው በደንብ አዩት።

«አላውቅም» አሉት።

«አታውቂም?»

«አላውቅም ልጄ። ሊሆን ይችላል።»

ታረቀኝ እዚያው ቆመ። እሳቸውን ለመምታት የመጣ ይመስለኝ ነበር፤ አጥሩን ልዘል ተዘጋጅቼ ነበር። አልመታቸውም። መሬት ላይ ተፍቶ ሄደ። ከዚያ በየገበያው፣ በየማኅበሩ አወራው። «ባሏን የገደለው ፍሬን አእምሮዋን ነክቷት የሰው ልጅ አስፈጀች» ተባለ። አንዳንድ እናቶች ልጆቻቸውን ከክፍላቸው ሊያስወጡ ርዕሰ መምህሩን ለመኑት። በሰፈሩ እድር፣ በቅሬው እንኳ አጠገባቸው የሚቀመጥ ጠፋ። ጩኸቱን ይዞ ወደ ግቢያቸው የሚመጣ መኪናም ቀረ።

አሮጌውን የፍሬን ሸራ እኔ አይቼዋለሁ። ሸራ የሚባል ነገር አልነበረበትም፤ ባዶ ብረት ነው። ዲስኩን እንደ እርሻ ተልሞታል። በዚያ ብንወርድ መጀመሪያው ቁልቁለት ላይ የምንቀር ይመስለኛል። ይህን ለሰው ልናገር ብል እትዬ ብርቄ ከለከሉኝ።

«ለምን እትዬ? አሳዩት እንጂ ብረቱን!»

«ልጁን የቀበረ ሰው ነው። ብረት ላሳየው?»

«እርስዎን እኮ ነፍሰ ገዳይ አሉዎት።»

«ይበሉ» አሉኝ። በዚያው ድምፅ፣ ከፍም ዝቅም በማይለው። ብረቱን የት እንዳደረሱት አላውቅም።

ማስተማራቸውን ቀጠሉ፣ ጡረታቸው እስኪደርስ። መኪና ሲያልፍ ያዳምጣሉ፤ ተማሪዎቹ ሲጠይቋቸው ግን «ምንም» ይላሉ። ከዚያ ኩላሊታቸው ታመመ። ደሴ ልጃቸው ጋ ለመጨረሻ ጊዜ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። በፊት አብረን ቁልቁለት ስንወርድ ቀኝ እግራቸው የሌለ ፔዳል ይረግጥ ነበር። ያን ቀን ገና መውረድ ሳንጀምር ተኙ። ራሳቸው መስኮቱ ላይ ተደግፎ ከቁልቁለቱ ሥር ያለውን ወንዝ ተሻግረን እስክንወጣ አልነቁም። እኔ ስነዳ አንዳንዴ ዞር ብዬ ትንፋሻቸውን አይ ነበር። ሌላ ያሰብኩት ነገር ትዝ አይለኝም።

አስከሬናቸው ወደ መካነ ሰላም መጣ፤ ከጋሽ ካሳው ጎን ተቀበሩ። ከአጅባር ገስግሼ ደረስኩ። ሰው ብዙ አልነበረም። የመጣውም ከንፈሩን እየመጠጠ ቶሎ ቶሎ ተነሣ። እኔ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ሳለ አንድ ሰው ዱላውን ተደግፎ ገባና አጠገቤ ተቀመጠ። ታረቀኝ ነው። ጠጉሩ ሸብቷል። ልነሣ ፈልጌ ነበር።

«ነፍስ ይማር» አለ።

«ይማር» አልኩት።

ዱላውን ጉልበቶቹ መሀል አቆመ። ከዚያ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«ያን ቀን ጎማውን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ብረቱን ሲያወጡ አይቼዋለሁ። ሸራ አልነበረውም። ገበሬ ነኝ፣ ያለቀ ማረሻ አውቃለሁ።»

ዞሬ አየሁት። «አይተኸው ከሆነ ለምን ስማቸውን…»

«የምቆጣው ሰው ያስፈልገኝ ነበር» አለ። «የሺን አልቆጣ። እግዜርን አልቆጣ። ደጃቸው ስሄድ ብረቱን አምጥተው ፊቴ ላይ ይወረውሩታል ብዬ ነው የሄድኩት። ያኔ ያበቃ ነበር። እሳቸው ግን አላውቅም አሉኝ። ማየቴን አይተዋል እኮ። ብረቱን ሲያወጡ ቀና ብለው ዐይን ለዐይን ተያይተናል።»

እኔ ያን ዕለት ቀና ሲሉ አላየኋቸውም።  ድንኳኑ ውስጥ አንዲት ሴት ለመጣው ሁሉ ንፍሮ ታዞር ነበር፤ ሁለታችንም ዘገንን፣ ሁለታችንም አልበላንም።

«ለኔ አይደለም የሚነገረው» አልኩት በመጨረሻ። «ልጃቸው ያቺት።»

ሰላም ከፊት፣ አግዳሚ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ታረቀኝ ብዙ አያት። ከዚያ ዱላውን መሬት ላይ አስተኝቶ ባዶ እጁን ተነሣ። ሰው ሁሉ አወቀው፤ ወሬው ተቋረጠ። ፊቷ ደርሶ ጎንበስ አለና መናገር ጀመረ። የሚለው አልተሰማኝም። ሰላም መጀመሪያ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ ወደ ዳር ተጠጋችና ቦታ ለቀቀችለት። ተቀመጠ። ፀሐይዋ እስክታዘቀዝቅ፣ የመጣው ሰው ሁሉ እየተሰናበተ እስኪወጣ ድረስ ከአጠገቧ አልተነሣም።